ገመዱ ሳይወጠር ውሻን ማንሸራሸር፦ ከደረት ማሰሪያ ልኬት እስከ ደሴ ዳገት

ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም የማየው አንድ ነው። ውሻው ከፊት ይጎትታል፣ ባለቤቱ ከኋላ ይጎተታል። ውሻው አንገቱ ታንቆ ያስላል። ጥቂት ቀን ይሞከርና ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። «ይሄ ውሻ ለመንገድ አይሆንም» ይባላል።

ይሆናል። ውሻው የሚጎትተው ስላመፀ አይደለም፤ ሲጎትት ወደሚፈልገው ቦታ ስለሚደርስ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ አንድ እርምጃ በተከተላችሁት ቁጥር መጎተት እንደሚያዋጣው ይማራል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ገመዱ ከተወጠረ እግራችሁ አይነሳም። ከታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ይህን ሕግ መጠበቅ እንድትችሉ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ዘሎ በቀጥታ ከመንገዱ ስለሚጀምር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ከግቢ አይወጣም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምለታል። የመጀመሪያ ክትባቱ ከሆነ መንገድ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ወር ያህል ጠብቁ። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ውሻችሁ ሰው ቢቧጭር ወይም ቢነክስ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አንገቱን እዩ። ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻ ብዙ ጊዜ ፀጉሩ ሥር የተላጠ ቆዳ ወይም ቁስል አለው። ቁስል ካለ መጀመሪያ ይዳን። የሚያነክስ ወይም የሚያስል ውሻም ሐኪም ሳያየው አይጀመርም።

ጉርሻ አዘጋጁ። የተቀቀለ ጉበት ከሁሉም ይሻላል። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅቤ አይግባበት። ከሽምብራ ፍሬ ሳይበልጥ ቆራርጡትና በፌስታል ወደ ኪስ። ቤታችሁ ጾም ሆኖ ሥጋ የማይገባ ከሆነ ደረቅ ዳቦ ወይም በርበሬ የሌለው ዳቦ ቆሎ ይሠራል። ወጥ የነካው ነገር ግን አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው። የሰጣችሁትን ጉርሻ ያህል ከዕለት ምግቡ ላይ ቀንሱ።

ደረጃ 1፦ የደረት ማሰሪያውን በልኩ ማሰራት

የአንገት ማሰሪያ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ውሻው ሲጎትት ጫናው በሙሉ ጉሮሮው ላይ ያርፋል። ሃርነስ የሚባለው የደረት ማሰሪያ ጫናውን ወደ ደረት ያወርደዋል። መጎተትን ግን በራሱ አያስተውም፤ ያንን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።

ተሠርቶ የሚመጣውን መግዛት ይቻላል። ነገር ግን ብዙው የአገራችን ውሻ ደረቱ ጠባብና ጥልቅ፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ሱቅ ያለው ወይ ትከሻው ላይ ይሰፋል ወይ ብብቱን ይልጣል። እኔ የምመክረው ቦርሳ ሰፊ ዘንድ ማሰራት ነው። የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ የሚሰፋ ሰው ይህን መስፋት አያቅተውም፤ ልኩን በትክክል ይዛችሁ ሂዱ እንጂ።

ውሻው ቆሞ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር እንዲህ ለኩ፦

1. የአንገቱን ሥር ዙሪያ። አንገቱ መሃል አይደለም፤ አንገት ከትከሻ በሚገናኝበት ቦታ ነው።
2. የደረቱን ዙሪያ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱ በጣም ሰፊ በሆነበት በኩል።
3. ከፍርምባው አጥንት ጫፍ ተነስታችሁ፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል በሆዱ በኩል አልፋችሁ እስከ ደረት ዙሪያው መስመር ድረስ።
4. በጀርባው በኩል ከአንገቱ ሥር እስከዚያው መስመር።

ለሰፊው የምትነግሩት ይህን ነው። አንድ ማንገቻ በአንገቱ ሥር ዞሮ ፍርምባው ላይ ይገናኛል። ከዚያ አንድ ማንገቻ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌላ አንድ በጀርባው ላይ ይሄዳል። ሁለቱም ከደረት ዙሪያው ማንገቻ ጋር ይሰፋሉ። ከፊት ሲታይ ቅርጹ ሹካ እንጨት መምሰል አለበት። ደረቱን በአግድም፣ ከትከሻ ትከሻ የሚያቋርጥ ማንገቻ አታሰሩ፤ የፊት እግሩ ወደ ፊት እንዳይዘረጋ ያግደዋል።

ማንገቻው ለመካከለኛ ውሻ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለትንሽ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የናይለን ሲባጎ አይሆንም፣ ቆዳ ይቆርጣል። ቀለበቶቹ የተበየዱ ይሁኑ። ተጣጥፎ ብቻ የተገጠመ ሽቦ ጠንካራ ውሻ አንድ ቀን ይከፍተዋል። አንዱ ቀለበት ጀርባ ላይ፣ ሌላው ፍርምባው ላይ ይሰፋ። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ በመስቀለኛ ይያዝ። የአንገቱና የደረቱ ማንገቻ በዘለበት የሚጠብቅና የሚላላ ይሁን፤ በተለይ ቡችላ በየሳምንቱ ያድጋል።

ሲጠናቀቅ እነዚህን ፈትሹ። ለአንዱም መልሱ «አይደለም» ከሆነ ወደ ሰፊው ተመለሱ።

– በእያንዳንዱ ማንገቻ ሥር ሁለት ጣት ጠፍጠፍ ብሎ ይገባል? ሦስት ከገባ ልል ነው፣ አንድ ብቻ ከገባ ይቆርጣል።
– ፍርምባው ላይ ያለው መገናኛ አጥንቱ ላይ አርፏል? ወደ ጉሮሮው ከወጣ ያንቃል።
– የደረት ዙሪያው ከፊት እግሩ ክርን ሦስት አራት ጣት ወደ ኋላ ርቋል? ብብቱ ሥር ከገባ ይልጠዋል።
– ውሻው ሲራመድ የትከሻው አጥንት ነፃ ነው?

የመጨረሻው ፈተና ማምለጥ ነው። የግቢው በር ተዘግቶ፣ በፊቱ ቁሙና ገመዱን ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ውሻው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ማሰሪያው በጭንቅላቱ በኩል ከወጣ፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ያስደነገጠው ቀን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማንገቻውን አጥብቁ። ፈሪ ውሻ ከሆነ ከጀርባው ቀለበት ወደ አንገት ማሰሪያው አጭር ገመድ ጨምሩ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዘዋል።

ደረጃ 2፦ ማሰሪያውን ማላመድ

በግድ አታልብሱት። ብዙ ውሻ አንዴ ተይዞ ስለለበሰ ማሰሪያውን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል።

1. ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀምጡ። ሲያሸተው ጉርሻ።
2. የአንገቱን ቀለበት በእጃችሁ ክፈቱና ጉርሻውን በወዲያኛው በኩል ያዙ። ጭንቅላቱን ራሱ ያስገባ።
3. ዘለበቱን ቆልፉ፣ ጉርሻ ስጡ፣ ወዲያው አውልቁ።
4. ምግቡን ሲበላ አልብሱት። ሲጨርስ አውልቁ።

ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይበቃል። ከለበሰ በኋላ ሐውልት ሆኖ ከቆመ ወይም ከተንከባለለ አትሳቁበት፣ አትጎትቱትም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና ከዚያ ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ገመዱና አያያዙ

ርዝመቱ 2 ሜትር ይሁን። ከዚያ ካጠረ ውሻው ሳይጎትትም ይወጠራል። ሰንሰለት አይሁን፤ ይከብዳል፣ እጅ ይልጣል፣ ለውሻውም የመታሰሪያው ድምፅ ነው።

የገመዱን ማጠፊያ አውራ ጣታችሁ ላይ አግቡና ጨብጡት። በሌላው እጃችሁ መሃሉን ልል አድርጋችሁ ያዙ። እጃችሁ ወገባችሁ አካባቢ ይሁን፤ ከፍ ካለ ገመዱ ሁልጊዜ ይወጠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገመዱን በእጃችሁ ወይም በጣታችሁ ላይ አትጠቅልሉ። ወገባችሁ ላይም አትሰሩት። ደሴ ቁልቁለት ላይ ውሻ ድመት ተከትሎ ሲነሳ ጣት ይሰበራል፣ ሰው በፊቱ ይወድቃል።

ጠንካራ ጎታች ከሆነ ገመዱን ፍርምባው ላይ ባለው ቀለበት ያዙት። ሲጎትት ሰውነቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ሲሻሻል ወደ ጀርባው ቀለበት አዙሩት።

ደረጃ 4፦ ግቢ ውስጥ

ሥራው የሚሠራው እዚህ ነው። ግቢ ከሌላችሁ ኮሪደርም ይበቃል። አንዴ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ በላይ ውሻው ይሰለቻል፣ እናንተም ትበሳጫላችሁ።

1. መጀመሪያ «ጎሽ» የምትለውን ቃል ትርጉም ስጧት። ዝም ብላችሁ «ጎሽ» በሉና ጉርሻ ስጡ። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ቃሏን ሰምቶ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ገብቶታል።
2. ገመዱን አያይዛችሁ ቁሙ። ገመዱ ልል ሆኖ ሲንጠለጠል «ጎሽ»፣ ጉርሻ። ጉርሻውን ሁልጊዜ ሱሪያችሁ ጎን፣ በእግራችሁ በኩል ስጡ። ፊት ለፊት ከሰጣችሁት ፊት ለፊት መቆም ይማራል፣ ትደናቀፋላችሁ።
3. አንድ እርምጃ። ልል ከሆነ «ጎሽ»፣ ጉርሻ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት።
4. ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትናገሩ፣ አትቆጡ፣ ወደ ኋላም አትሳቡት። ውሻ ሲሳብ በተቃራኒው ይገፋል። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል። በዚያች ቅጽበት «ጎሽ» በሉ፣ እግራችሁ ጎን አጉርሱትና ቀጥሉ።
5. አሥር እርምጃ ያለ ውጥረት ሲሄድ ጉርሻውን አዘበራርቁ። አንዴ ከሁለት እርምጃ በኋላ፣ አንዴ ከሰባት።

ቆማችሁ ቆማችሁ ካልተመለሰ፣ ስሙን ጠርታችሁ ዞር በሉና በተቃራኒው ሂዱ። ሲደርስባችሁ አመስግኑት። ጉርሻ ካልበላ ደግሞ ወይ ጠግቧል፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ጠዋት ከቁርሱ በፊት ሞክሩ።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ከሆነ ከልምምዱ በፊት ሩብ ሰዓት ግቢ ውስጥ ፈትታችሁ ልቀቁት። የታመቀ ጉልበት ይዞ መማር አይችልም።

ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ሕግ ይያዝ። እናንተ ስትቆሙ ታናሽ ወንድማችሁ እየተጎተተ የሚሮጥ ከሆነ ውሻው የሚማረው አልፎ አልፎ መጎተት እንደሚሠራ ነው። ይህ ከምንም በላይ ለማስተው ያስቸግራል።

ደረጃ 5፦ በሩ

ሽርሽሩ የሚበላሸው በር ላይ ነው። ፈንድቶ የወጣ ውሻ እስከ መጨረሻው እንደፈነዳ ይሄዳል።

ወደ በሩ ሂዱ። ከዘለለ ቁሙ። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ እጃችሁን ወደ መቀርቀሪያው ስደዱ። እንደገና ከዘለለ እጃችሁን መልሱ። በሩን በስንጥቅ ክፈቱ፤ ከገፋ ዝጉ፣ አፍንጫውን እንዳትይዙት ተጠንቀቁ። ገመዱ ልል ሆኖ ከቆመ «ጎሽ»፣ ከዚያ ውጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከደጃፉ አትለፉ። አንዳንድ ቀን ሳትወጡም ልትመለሱ ትችላላችሁ። አብሽሩ፣ ያ ቀን አልባከነም።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ሰዓትና ቦታ ምረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ባጃጁም ሰውም አልበዛም። ደሴ ከሆናችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፒያሳን እርሱት። ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ አካባቢም አይሞከርም። አህያው፣ ፍየሉ፣ የሥጋው ሽታ ለጀማሪ ውሻ ከአቅም በላይ ነው። ከመሸ አትውጡ፤ ከከተማው ዳር ጅብ ይወርዳል።

ሜዳ ፈልጉ። ደሴ በጦሳ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ዳገታማ ከተማ ናት። ቁልቁለት ላይ የውሻው ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ሳይፈልግም ይጎትታል። ከቁልቁለት ማምለጥ ካልቻላችሁ ጠመዝማዛ እየሠራችሁ ውረዱ፣ በየአምስት እርምጃው ቁሙ፣ ጉርሻ ስጡ። ክረምት ጭቃው ሲያንሸራትት ቁልቁለቱን ተዉት።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከደሴ ብዙ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 5 ሰከንድ አስቀምጡ። እናንተን ካቃጠለ መዳፉን ያቃጥለዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ውኃ ያዙ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ርቀት አትቁጠሩ። በ10 ደቂቃ ሃምሳ ሜትር ብትሄዱም ገመዱ ልል ከነበረ ጥሩ ሄዳችኋል። መሃል መሃል «አሽት» በሉና የአጥር ሥር እንዲያሸት ፍቀዱለት። ማሽተት ለውሻ ከጉበት የማያንስ ሽልማት ነው። ወደ አጥሩ የሚደርሰው ግን በልል ገመድ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ሲበላሽ

ባጃጅ ላይ የሚጮህ ውሻ። ሠላሳ ሜትር ያህል ራቁ። ባጃጅ ባየ ቁጥር፣ ከመጮሁ በፊት፣ ጉርሻ። ባጃጁ ሲያልፍ ጉርሻው ይቆም። ዝም ማለት ሲጀምር በየቀኑ ትንሽ ቅረቡ። ከጮኸ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ራቁ።

የሠፈር ውሾች። ከሩቅ ካያችኋቸው መንገድ ቀይሩ። ከቀረቡ አትሩጡ፣ ዓይናቸው ውስጥ አትመልከቱ። ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ገመዱን አታሳጥሩት፤ ውጥረቱ ውሻችሁን ለጠብ ያነሳሳዋል። በወፍራም ድምፅ «ክላ!» በሉ። ካልሄዱ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ብዙዎቹ ይርቃሉ። መወርወር አያስፈልግም። አሁንም ከቀረቡ የያዛችሁትን ጉርሻ ወደ እነሱ በትኑና እነሱ ሲለቅሙ ወደ ኋላ ውጡ። ድብድብ ከተነሳ እጃችሁን በመካከል አታስገቡ።

ሰው። ይህን ልብ በሉልኝ። ወሎ ላይ ጎረቤታችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። የውሻ ምራቅ ልብሱን የነካው ሰው ሳያጥብ አይሰግድበትም። ሐጂ ለሶላት ሲወጡ ውሻችሁ እጃቸውን ላሰ ማለት ወደ ቤት መልሳችኋቸዋል ማለት ነው። ሰው ሲመጣ ውሻውን በሩቁ ጎን አድርጉ፣ ገመዱን አሳጥራችሁ ቁሙ፣ ሰላም በሉ፣ ያሳልፉ። ዓርብ ቀትር በመስጊድ በር አትለፉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ውሻ አይገባበትም። ይህን የሚጠብቅ ሰው ውሻውን ይዞ በሠፈሩ ያለ ጭቅጭቅ ይሄዳል።

ልጆች። ድንጋይ የሚወረውሩት ስለሚፈሩ ነው። አትሳደቡ። ውሻውን አርቃችሁ ቁሙ፣ ስሙን ንገሯቸው፣ እንዳይሮጡ ለምኗቸው። ስሙን ያወቁት ውሻ ላይ ድንጋይ የሚያነሱ ጥቂት ናቸው።

ከብት፣ ፍየል፣ አህያ። ከመንገድ ወጥታችሁ አሳልፏቸው። ወደ ሐይቅ ከተማ ወይም ወደ ገጠር ከወጣችሁ እረኛውን ከሩቅ ጥሩት፤ የእሱ ውሻ ሥራ ላይ ነው፣ መንጋው አጠገብ እንግዳ ውሻ አይወድም።

ገመዱ ካመለጣችሁ። አታሳድዱ፣ ጨዋታ ይመስለዋል። ስሙን በደስታ ድምፅ ጠርታችሁ ወደ ተቃራኒው ሩጡ ወይም ቁጭ በሉ። ሲመጣ አትምቱት። የመጣውን ከመታችሁት ዳግመኛ አይመጣም።

ሰው ከተነከሰ

በራሳችሁ ውሻም ይሁን በሌላ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ። ጭረት ብቻ ቢሆንም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። «መድኃኒተኛ ዘንድ ልሂድ፣ ነገ አየዋለሁ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ነካሹ ውሻ ባለቤት ካለው አትግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ክትባቱ ግን ውጤቱን አይጠብቅም፤ ጤና ባለሙያው ጀምሩ ካለ ጀምሩ።

የተነከሰው ውሻችሁ ከሆነ በእጃችሁ ላስቲክ አድርጋችሁ እጠቡት። የተከተበ ቢሆንም ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ስትመለሱ

ማሰሪያውን አውልቁለት፤ ለብሶ አይዋል፣ አይደር። ብብቱንና ፍርምባውን በጣት ዳብሱ። ቀላ ያለ ወይም ፀጉሩ የሳሳ ቦታ ካለ ያ ማንገቻ ይስተካከል። ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሃል መዥገር ካለ እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ማሰሪያው ሲረጥብ ጭቃውን አጥባችሁ ጥላ ሥር አድርቁት፤ እርጥቡ ቆዳ ይልጣል። በሳምንት አንዴ ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ክሩ መተርተር ከጀመረ በማግስቱ ሳይሆን የዚያኑ ቀን ቦርሳ ሰፊው ዘንድ ውሰዱት።